የተማሪ ማደሪያ በሀዋሳ

የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1950ዎቹ አጋማሽ የአዳሪነቱ ሥርዓት ሲቀር ወደ ከተማው ወጥተው ቤት መፈለግ ግድ ሆኖባቸው ነበር። የሀዋሳ ታሪክ የሚጀምረው በተቃራኒው ነው። የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ በ1968 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ከወጣ ገና መንፈቅና ዓመት ቢሆነው ነው። አዋጁ የግል ኪራይን ከልክሎ ስለ ነበር፣ የኮሌጁ መኝታ ቤት እንደ ችሮታ ብቻ የሚታይ አልነበረም፤ ከቀበሌ ቤት በቀር ሌላ በር አልተከፈተም።

በ1992 ዓ.ም. ኮሌጁ ከወንዶ ገነትና ከዲላ ኮሌጆች ጋር ተዋሕዶ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ1996 የትምህርት ዘመን ሥራ ላይ የዋለው የወጪ መጋራት ደግሞ የምግብንና የመኝታን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 በመቶውን፣ በተመራቂው ላይ ዕዳ አድርጎ ጻፈ። ዕዳም ቢሆን ግን አልጋው አለ።

አልጋ የማይጠብቀው የማታውና የግል ኮሌጁ ተማሪ ነው። እርሱ የሚከራየው ባለቤቱ ከዋናው ቤት ጀርባ በተርታ የሠራትን ሰርቪስ ክፍል ነው። ብልህ ተከራይ ከኪራዩ አስቀድሞ፣ የውሃና የመብራት ሒሳብ በሰው ቁጥር ነው ወይስ በክፍል፣ የግቢው በርስ በስንት ሰዓት ይዘጋል ብሎ ይጠይቃል። ደላላው ይህን አያነሣም፤ ድርሻው ከዋጋው ነውና።

በሐምሌ 2008 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ገበያው ተለወጠ። ለሼዱ የታሰበውን ያህል ለሠራተኛዋ መኝታ አልታሰበም ነበር። ልጃገረዶቹ ሦስትና አራት ሆነው የአንዲቱን ክፍል ኪራይ ሲካፈሉ፣ ብቻውን አምፖል አብርቶ ማንበብ የሚሻ ተማሪ በዋጋ ሊወዳደራቸው አልቻለም፤ እርሱም ፍራሹን ከፍራሽ የሚያስጠጋ ባልንጀራ መፈለግ ያዘ።