አሮጌው የውሃ ፓምፕና የባሮ ዳር ጥያቄ

ከጋምቤላ ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የጀዊ የስደተኞች መጠለያ የተከፈተው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ ሌይችዎርና ኒፕኒፕ የተባሉት የቀድሞ መጠለያዎች በ2006 ክረምት በጎርፍ ስለተጥለቀለቁ የደቡብ ሱዳን ስደተኞቹን ወደ ደረቅ መሬት ማዛወር ግድ ሆነ። እህሉም፣ መድኃኒቱም፣ ሕመምተኛውም እዚያ የሚደርሰው በመኪና ነው። መኪና ሲበላሽ መለዋወጫው የሚጠበቀው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ከምትርቀው አዲስ አበባ ስለሆነ፣ ከሞተር የወረደን የውሃ ፓምፕ ፈትሾ መልሶ መግጠም የተለመደ ውሳኔ ነው። ብዙዎች ይህን የእጦት ውጤት ብቻ አድርገው ያዩታል። በእኔ እምነት ግን «እስከሚቀጥለው ጊዜ ይዘልቃል ወይ?» ብሎ ዕቃን መመርመር ጋምቤላ ከተቆረቆረችበት ጊዜ ጀምሮ ቦታው ራሱ የሚጠይቀው ዕውቀት ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አካባቢ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ ቦታ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያነት እንዲከራይ ፈቀደ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተተከለ። ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጨውና ጨርቅ አራግፈው የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ባሮ ግን መርከብ የሚያሳልፈው ሲሞላ፣ በክረምቱ ወራት ብቻ ነው። ውሃው ከጎደለ በኋላ የጎደለ ዕቃ እስከ መጪው ክረምት አይመጣም፤ እንዲህ ባለ ጣቢያ መሣሪያ የሚይዝ ሰው ያለውን ዕቃ ቀሪ ዕድሜ ሳይገምት ሊኖር አይችልም። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የወንዙም ንግድ እየከሰመ ሄደ። ለካርቱም ዕቃ በር የነበረችው ከተማ በጎሬ በኩል ቁልቁል ለሚወርደው መንገድ መጨረሻ ሆነች። አቅጣጫው ተገለበጠ እንጂ ርቀቱ አልቀረም።

መንገዱ ራሱ የውሃ ፓምፕን ይፈትናል። ጋምቤላ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጎሬ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ የተጫነ መኪና ከሙቀቱ ተነስቶ ያንን ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ይግላል፣ ከፍ ባለ ቁጥርም ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። ለዚህ ነው ፍተሻው በዓይን ግምት የማይሆነው። መካኒኩ ፑሊውን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀንቃል፤ ዘንጉ ከተወዛወዘ ኩሽኔታው አልቋል። ከዚያ በእጁ ያሽከረክራል፤ ሻካራነት ወይም ድምፅ ካለ ውጤቱ ያው ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚናገረው በፓምፑ ቤት ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ናት። ውሃውን ከኩሽኔታው የሚለየው ማሸጊያ (ሲል) ሲደክም፣ የሚያልፈው ውሃ ኩሽኔታውን ከማበላሸቱ በፊት በዚያች ቀዳዳ እንዲወጣ ተደርጎ ተሠርቷል። ደርቆ የቀረ ዝገት ወይም የኩላንት ቀለም እዚያ ከታየ፣ ፓምፑ ዛሬ ባያንጠባጥብም ማሸጊያው መሸነፍ ጀምሯል። ቀዳዳዋን ደፍኖ መግጠም ማስጠንቀቂያውን ማፈን ነው። በመጨረሻ ውሃውን የሚገፋው የውስጥ ክንፍ ይታያል፤ ያለ ኩላንት የወንዝ ወይም የጉድጓድ ውሃ ብቻ ሲሞላበት በኖረ ሞተር ላይ ዝገት ክንፉን በልቶት ይገኛል። እንዲህ ያለ ፓምፕ ሳያንጠባጥብና ሳይጮህ ሞተር ያቃጥላል።

«ይህ ሁሉ ድህነትን ማሽሞንሞን ነው» የሚል ይኖራል። ግን ኩሽኔታውን አሽከርክሮ መሞከርና ቀዳዳዋን መመልከት በአምራቾች የጥገና መጽሐፍ ውስጥም ያለ ሥራ ነው፤ ባለጠጋ አገር የተወው የፍተሻ ሰዓት ከአዲሱ ዕቃ ስለሚወደድ ነው። «የተቃጠለ ቴስታታ ወጪ ከአዲስ ፓምፕ ዋጋ ይበልጣል» የሚለው ክርክር ግን ከባድ ነው፤ በከፊልም እቀበለዋለሁ። ፓምፑ በታይሚንግ ቤልት የሚዞር ከሆነ፣ ቢነክስ ቤልቱን በጥሶ በብዙ ሞተር ላይ ቫልቮቹን ከፒስተን ሊያጋጭ ይችላል፤ ወደ እሱ ለመድረስም ሞተሩን እንደገና መፍታት ይጠይቃል። እዚያ ላይ ቤልት ሲቀየር ፓምፑንም መቀየር ይሻላል። ከፊት ለፊት ተገጥሞ በውጭ ቤልት የሚዞረው ግን በመንገድ ላይም ሊፈታ ስለሚችል፣ ፍተሻውን ሙሉ በሙሉ ያለፈ አሮጌ ፓምፕ፣ ምንነቱ ካልታወቀ ርካሽ አዲስ ፓምፕ ይልቅ ይመረጣል፤ ጓርኒሲዮኑ ግን ምንጊዜም አዲስ መሆን አለበት።