የባሕር ኤሊ በበረት፤ የግራንድ ኬይማን ሙከራ

ክሪስቶፎር ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1503 በካሪቢያን ባሕር ሲጓዝ ዛሬ የኬይማን ደሴቶች ከሚባሉት ሁለቱን አየ። ዙሪያቸውን የሞላው የባሕር ኤሊ ስለ ነበረም «ላስ ቶርቱጋስ»፣ ማለትም «ኤሊዎቹ» ብሎ ሰየማቸው። ኤሊ በጀርባው ተገልብጦ በመርከብ ላይ ለሳምንታት በሕይወት ይቆያል፤ ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ለመርከበኛ ከዚህ የተሻለ ትኩስ ሥጋ አልነበረም። መርከቦች እየተመላለሱ ጫኑት። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የደሴቶቹ ዳርቻ ባዶ ሊሆን ተቃርቦ ነበርና የኬይማን አጥማጆች ኤሊ ፍለጋ ወደ ኩባ፣ ኋላም ወደ ኒካራጓ ለመሄድ ተገደዱ።

እ.ኤ.አ. በ1968 «ማሪካልቸር» የተባለ ኩባንያ አረንጓዴውን የባሕር ኤሊ በግራንድ ኬይማን እንደ ከብት ለማርባት ተነሣ። ዕንቁላሉን ከኮስታ ሪካ፣ ከሱሪናምና ከአሴንሽን ደሴት አስመጣ። ሐሳቡ፣ ገበያው ከበረት ሥጋ ካገኘ የባሕሩ ኤሊ ያርፋል የሚል ነበር። የባሕር ኤሊን ሕይወት በማጥናት ስሙ የገነነው አሜሪካዊው አርቺ ካር በመጀመሪያ ይህን በበጎ ዐይን ተመልክቶት ነበር፤ ቆየት ብሎ ግን ተቃወመው። ሕጋዊው ሥጋ የተመጋቢውን ፍላጎት ይቀሰቅሳል፤ የተቀሰቀሰውን ገበያ አንድ እርባታ ብቻውን አይሞላውም፤ ጉድለቱን የሚሞላው አዳኝ ነው አለ። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ክርክር አይደለም።

ከክርክሩ ይልቅ እርባታውን የፈተነው ግን የኤሊው ተፈጥሮ ነው። ላም ማርባት የለመደ ባለሙያ በዚህ ሥራ ትዕግሥቱ ያልቃል። ሴቲቱ በአንድ የመጣያ ወቅት ደጋግማ፣ በየጊዜውም 100 ያህል ዕንቁላል ትጥላለች፤ ነገር ግን በየዓመቱ አትጥልም፤ ለወላጅነት የምትበቃውም ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በእርባታው ውስጥ መጀመሪያ ዕንቁላል የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሆን፣ ሁለተኛው ትውልድ የተገኘው በ1989 ነው። ሕጉ ይህን ያህል አልጠበቀም። ለአደጋ የተጋለጡ የዱር እንስሳትንና ዕፀዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1973 ተፈረመ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻም የዩናይትድ ስቴትስ ገበያ ተዘጋ። ማሪካልቸር ከዚያ በፊት፣ በ1975፣ ከስሮ ነበር። የተካው ድርጅትም በ1983 በደሴቶቹ መንግሥት እጅ ገባ።

የውጭ ንግዱ ሲከሽፍ ሌላው ሥራ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ከ30,000 በላይ የሚሆኑ ግልገሎችና ታዳጊ ኤሊዎች ወደ ባሕር ተለቀቁ። በኅዳር 2001 ሚሼል የተባለው ዐውሎ ነፋስ ያስነሣው ማዕበል እርባታውን መትቶ ከወላጆቹ ብዙዎቹን ወሰደ። የተለቀቁት ግን የት እንደ ደረሱ ለረጅም ጊዜ የሚያስረዳ አልነበረም፤ ተቺዎችም ወደ ባሕር እንደ ተጣለ ገንዘብ ቈጠሩት። እኔ ራሴ ከእነርሱ ወገን ነበርሁ። በ2019 የታተመ የዘር ጥናት፣ በግራንድ ኬይማን ዳርቻ ከሚጥሉት አረንጓዴ ኤሊዎች 90 በመቶ ያህሉ ከእርባታው ጋር ዝምድና እንዳላቸው ሲያሳይ አስተያየቴን ማረም ግድ ሆነብኝ።

ቢሆንም ዛሬ በዚያ አሸዋ ላይ የምትጥለው ኤሊ ኮሎምበስ ያያት አይደለችም፤ ከልዩ ልዩ ዳርቻ በመጣ ዕንቁላል የተቀላቀለች አዲስ ዘር ናት። ድርጅቱ እስካሁን ለደሴቶቹ ነዋሪ ሥጋ ይሸጣል። ሌሊት ልትጥል የወጣችውንም እናት ገልብጦ የሚወስድ አዳኝ አሁንም አልጠፋም።