አሥራ አንድ መስመር ሲጎድል፦ የጥገኝነት ስሕተት አጭር ታሪክ

እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 2016 በልዩ ልዩ አገሮች የሚኖሩ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ተመሳሳይ ችግር ገጠማቸው። የድረ ገጽ መገንቢያ ማዕቀፎችን ለመጫን ሲሞክሩ ሥራው መሐል ላይ ይቆማል፤ ኮምፒውተሩም «ሌፍት ፓድ» የተባለ ጥቅል እንዳልተገኘ ይነግራቸዋል። አብዛኞቹ ይህን ስም ከዚያ ቀን በፊት ሰምተውት አያውቁም ነበር፤ ነገር ግን ባቤልን የመሰሉ እውቅ መሣሪያዎች ሳይቀሩ ይገለገሉበት ነበር።

ሌፍት ፓድ 11 መስመር ብቻ የነበረው ኮድ ነው። ተግባሩም አንድ ጽሑፍ የተፈለገውን ርዝመት እስኪይዝ ድረስ በግራው በኩል ባዶ ቦታ ወይም ዜሮ መሙላት ነበር። ደራሲው ለሌላ ጥቅሉ የሰጠውን «ኪክ» የሚል ስም በዚሁ ስም የሚጠራ የመልእክት ኩባንያ ጠየቀበት፤ የጥቅሎች መዝገብ የሆነው ኤንፒኤምም ስሙን ለኩባንያው አስተላለፈ። ደራሲው በውሳኔው ተቆጥቶ ከ250 በላይ ጥቅሎቹን ከመዝገቡ አነሣ። ኤንፒኤም ሌፍት ፓድን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መለሰው፤ የሥርዓቱ ድክመት ግን በአደባባይ ታይቶ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው ኤንፒኤም የትናንሽ ጥቅሎችን ባህል አስፋፍቷል። ማንም የሌላውን ሥራ መልሶ መጻፍ ስለማያስፈልገው ሥራ ፈጠነ። በአንጻሩ አንድ ማዕቀፍ የሚጠራቸው ጥቅሎች ሌሎችን፣ እነዚያም ሌሎችን ስለሚጠሩ አንዲት ትእዛዝ በመቶዎች የሚቆጠሩ የማይታወቁ ደራስያንን ሥራ ወደ ኮምፒውተር ታስገባለች። በተጨማሪም ጥያቄው ብዙ ጊዜ «ይህን ስሪት ወይም ከእርሱ የሚቀጥለውን» የሚል ስለሆነ፣ ትናንት የሠራው ፕሮጀክት ማንም ሳይነካው ዛሬ ሊሰበር ይችላል።

መፍትሔው በደረጃ መጣ። በመጀመሪያ ኤንፒኤም ከ24 ሰዓት በላይ የቆየን ጥቅል ደራሲው በራሱ ፈቃድ ብቻ እንዳያነሣ ደንቡን ለወጠ። በጥቅምት 2016 ፌስቡክና አጋሮቹ ያወጡት ያርን፣ በ2017 ደግሞ ኤንፒኤም 5፣ የተጫነውን እያንዳንዱን ስሪት በትክክል የሚመዘግብ የቁልፍ ፋይል በመደበኛነት አቀረቡ። ይሁንና የቁልፍ ፋይል የተፈለገውን ስሪት ያስታውሳል እንጂ ጥቅሉን ራሱን አያኖርም፤ መጥፋትን የሚከላከለው የራስ ቅጂ ማስቀመጥ ብቻ ነው። በ2020 የወጣው ኤንፒኤም 7 ደግሞ አብረው መሥራት ያለባቸው ጥቅሎች በስሪት ሲጋጩ መጫኑን ማስቆም ጀመረ። ብዙዎች ይህን በማስገደጃ ትእዛዝ ያልፉታል፤ ነገር ግን ማስገደድ ማስጠንቀቂያውን ዝም ያሰኛል እንጂ ግጭቱን አይፈታም። ትክክለኛው መንገድ የትኛው ጥቅል የትኛውን ስሪት እንደሚጠይቅ ማንበብ፣ ከዚያም ኋላ የቀረውን ማሻሻል ወይም ማዕቀፉን ወደሚስማማው ስሪት መመለስ ነው።

ጉዳዩ ቀስ በቀስ ከባለሙያዎች ጠረጴዛ ወደ መንግሥታት ተሻገረ። በግንቦት 2021 የወጣው የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ለፌዴራል መንግሥት የሚቀርብ ሶፍትዌር በውስጡ ያሉትን ክፍሎች ዝርዝር እንዲይዝ አቅጣጫ ሰጠ። ጀርመን በ2022 ለክፍት ምንጭ መሠረተ ልማት የሚውል የመንግሥት ገንዘብ መመደብ ጀመረች። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 መጨረሻ በሥራ ላይ ባዋለው የሳይበር ጽናት ሕግ ተመሳሳይ ዝርዝር የማዘጋጀት ግዴታ በአምራቾች ላይ ጣለ።

ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። ብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳ የቆመው በሕንድ በተጀመረው ሞሲፕ በተባለ የክፍት ምንጭ መድረክ ላይ ነው። ምርጫው ከአንድ ሻጭ ጥገኝነት ያድናል፤ ሆኖም የክፍት ምንጭ ነጻነት የሚጸናው ክፍሎቹን የሚቆጥር፣ ቅጂያቸውን የሚያስቀምጥና የሚጠግን የአገር ውስጥ ባለሙያ ሲኖር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ የ2016ቱ ክስተት ያሳየው ግን ክሮቹን የሚጠብቅ ሰው ከሌለ ድሩ በአንዲት ክር መበጠስ ሊላላ እንደሚችል ነው።