ነጭ የጎመን ቢራቢሮና የፀሐይ ኃይል

ነጭ የጎመን ቢራቢሮ ለመብረር ሰውነቷን ማሞቅ አለባት። ደመና በበዛበት ቀን ክንፎቿን በ«ቪ» ቅርጽ ከፍታ ብርሃኑን ወደ ደረቷ ትመልሳለች። የእንግሊዙ ኤክስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ክንፎቹ 17 ዲግሪ ገደማ ሲያዘነብሉ ሙቀቷ ጠፍጣፋ ሆነው ከተዘረጉበት ጊዜ በ7.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። ክንፎቹን በፀሐይ ሴል ዙሪያ ሲያቆሙ የሚመነጨው ኃይል በግማሽ ገደማ ጨመረ። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ቅለቱ ነው፦ ብርሃን አንጸባራቂው ክንፍ እጅግ ቀላል ስለሆነ ከክብደቱ አንጻር የተገኘው ኃይል 17 እጥፍ ደረሰ። ምስጢሩ ክንፉን በአንድ ረድፍ የሸፈኑት ጥቃቅን ቅርፊቶች ናቸው።

ጥናቱ የአውሮፓን ዝርያ ይመለከታል። የቅርብ ዘመዷ ፒየሪስ ብራሲኮይደስ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ትኖራለች። ማለዳው ብርዳም፣ ቀትሩ ፀሐያማ ለሆነው እንደ ጢቾ ላለው የአርሲ ደጋ፣ ከዚህ ክንፍ ንድፍ የተቀዳ፣ በትከሻ የሚጓጓዝ ቀላል የፀሐይ መሣሪያ ከከባድ መስታወት ይሻላል።