የማስረዳት ደረጃ፦ ዳኛ ለመፍረድ ምን ያህል ማመን አለበት?

ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ከሚገኝ አንድ የሀበሻ ልብስ ሱቅ ጥበብ ቀሚስ ጠፋ፤ ጎረቤት ነጋዴም ተጠርጥሮ ተያዘ እንበል። አንዱ ምስክር «ሲወስድ አይቻለሁ» ይላል፤ ሌላው «ወሰደ አሉ»፤ ሦስተኛው «እሱ ሳይሆን አይቀርም»። የመጀመሪያው የዓይን ምስክር ነው፤ ሁለተኛውን ችሎት «የስሚ ስሚ» ይለዋል፤ ሦስተኛው ግምት ነው።

ቃላቸው ተመዝኖ ካበቃ በኋላ ዳኛው እስከ ምን ድረስ ሲያምን ነው የሚፈርደው? ይህን ልክ የሕግ ሰዎች «የማስረዳት ደረጃ» ይሉታል። «የማስረዳት ሸክም» ግን ሌላ ነው፤ እሱ የሚነግረን ማን ማስረዳት እንዳለበት ነው።

በወንጀል ሸክሙ የዐቃቤ ሕግ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ተከሳሽ በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይጠብቀዋል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 141፣ የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ባይስተባበል እንኳ ለጥፋተኝነት የማይበቃ ከሆነ ተከሳሹ መከላከያ ሳያቀርብ በነጻ እንዲለቀቅ ያዛል። ማስረጃው የሚበቃ ከሆነ «ተከላከል» ይባላል። ይህ ብይን የጥፋተኝነት ፍርድ አይደለም።

በፍትሐ ብሔር ክርክር ደረጃው ዝቅ ይላል፤ የማስረጃው ሚዛን የደፋለት ወገን ይረታል። ስለዚህም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2149 የወንጀል ችሎት በነጻ ማሰናበቱ የካሳ ጉዳይ የያዘውን ዳኛ እንደማያስገድድ ይደነግጋል። በስርቆት ክስ ነጻ የወጣው ነጋዴ የቀሚሱን ዋጋ ክፈል ሊባል ይችላል።

የወንጀሉ ደረጃ በአማርኛ የተለመደው ስሙ «ከበቂ ጥርጣሬ በላይ» ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

አማርኛ ሰውን መጠርጠርንና በነገር መጠራጠርን በግሥ ይለያል፤ «ጥርጣሬ» የሚለው ስም ግን ሁለቱንም ይይዛል። ፖሊስ ሰው ሲይዝ ይጠረጥራል፤ ዳኛ ማስረጃ ሲመዝን ይጠራጠራል። «ከበቂ ጥርጣሬ በላይ ተረጋግጧል» ሲባል የሰማ ባለጉዳይ «ከበቂ በላይ ተጠርጥሯል» ብሎ ቢረዳ አይፈረድበትም። ሐሳቡ ግን ተቃራኒው ነው፤ በዳኛው አእምሮ በምክንያት የተደገፈ መጠራጠር አልቀረም ማለት ነው።

«ምክንያታዊ ጥርጣሬ በማያስቀር ደረጃ» የሚለው አቻ ይህን ብዥታ ያጠራል። ፍርድ የሚጽፉ ዳኞችና የችሎት ዜና የሚሠሩ ጋዜጠኞች ቢለምዱት፣ ውሳኔው ሲነበብ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ቤተሰብም የተባለውን በትክክል ይሰማል።