አንጀት የማያርስ በቀል

የበቀል ፊልም ደንቡ የታወቀ ነው። ግፍ ይፈጸማል፣ ተመልካች ይንገበገባል፣ ተበዳዩ ይነሳል፣ በዳይ ይወድቃል፣ አንጀታችን ቅቤ ጠጥቶ ወደ ቤታችን እንገባለን። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ርካሽ ሆረር ፊልም ነው። በደንቡ መሠረት ሁሉንም አድርጎ ሲያበቃ፣ ቅቤውን ብቻ የከለከለ ፊልም ነው። (ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ዘ ላስት ሃውስ ኦን ዘ ሌፍት» ይባላል፤ በእኛ አፍ «በግራ በኩል ያለው የመጨረሻው ቤት» እንደማለት ነው። ርዕሱ ከታሪኩ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፣ የማስታወቂያ ሰዎች የመረጡት ነው። በ1971 ኮነቲከት ውስጥ ተቀርጾ በ1972 ለዕይታ በቃ። በጀቱ 90 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ያንን ገንዘብ ያወጡት ሰዎች ቦስተን አካባቢ ሕዝቡ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ፊልም የሚያይባቸው ሜዳ ሲኒማዎች ባለቤቶች ናቸው፤ የፈለጉትም ለሜዳቸው የሚሆን አንድ ደም ያለበት ፊልም ብቻ ነበር። ፕሮዲውሰሩ ሾን ከኒንግሃም ይባላል። ጽፎ ያዘጋጀው ዌስ ክሬቨን ደግሞ ከዚያ በፊት በስሙ አንድም ልብ ወለድ ፊልም አልነበረውም።

ክሬቨን ለዚህ ሥራ የማይገመት ሰው ነው። በ1939 ክሊቭላንድ ውስጥ ከጥብቅ የባፕቲስት ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ ሲኒማ ቤት መግባት ኃጢአት ነበር። ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ሠራ፣ ኮሌጅ አስተማረ፣ ከዚያ ማስተማሩን ትቶ ኒውዮርክ የፊልም ቤቶችን በር ማንኳኳት ጀመረ። ኋላ «ኤ ናይትሜር ኦን ኤልም ስትሪት» እና «ስክሪም» ሀብታም አድርገውታል። ያኔ ግን ሥራ ፈላጊ የቀድሞ መምህር ነበር።

ታሪኩ አጭር ነው። ማሪ የምትባል ልጅ 17 ዓመት ሞላት። ወላጆቿ የሰላም ምልክት የተንጠለጠለበት ሐብል በስጦታ አንገቷ ላይ ያስሩላታል። ከጓደኛዋ ጋር ሙዚቃ ልትሰማ ኒውዮርክ ስትሄድ ከእስር ያመለጡ ወንጀለኞች እጅ ትወድቃለች። ሁለቱን ልጆች ጫካ ወስደው አሰቃይተው ይገድሏቸዋል። መኪናቸው ስለተበላሸና ስለመሸባቸው ልብስ ቀይረው በአቅራቢያው ያለ አንድ ቤት ያንኳኳሉ። ቤቱ የማሪ ወላጆች ቤት ነው። ወላጆቿም የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነው ብለው እራት ያቀርባሉ፣ መኝታ ይሰጣሉ። ሌሊት እናትየው ከእንግዶቹ የአንዱ አንገት ላይ ያንን ሐብል ታያለች።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን መገመት አያቅታችሁም። አባትየው ሐኪም ነው። ቤቱን ወጥመድ በወጥመድ ያደርገዋል፤ የበር እጀታው ላይ ኤሌክትሪክ ይቀጥላል፣ ወለሉን በጺም መላጫ አረፋ ያንሸራትታል። በመጨረሻም የሞተር መጋዝ ያነሳል። እናትየው ያደረገችውን እዚህ አልጽፍም። ፖሊሱ ዘግይቶ ደርሶ «ተው» እያለ ቢለምንም የሚሰማው የለም። ደም የለበሱ ባልና ሚስት የፈራረሰ ሳሎናቸው ውስጥ እንዳሉ ፊልሙ ያልቃል። «አበጃችሁ» የሚል ሙዚቃ የለም፣ ልጅቷም አትመለስም።

ከሁሉም የሚረብሸኝ ግን ሌላ ቦታ ነው። ገዳዮቹ ጫካ ውስጥ የሚያደርጉትን አድርገው ሲጨርሱ አይስቁም፣ ዝም ይላሉ። እጃቸው ላይ የተጣበቀውን ደምና ሣር እያዩ አንዱ የሌላውን ዓይን ይሸሻል። ክሬቨን አውሬ አድርጎ ቢያሳየን ይቀለን ነበር። ያሳየን ግን ለጥቂት ሰከንድ ያፈሩ ሰዎችን ነው፤ አፍረውም እጃቸውን ሐይቅ ውስጥ ታጥበው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ያንን ፊት ካየን በኋላ አባትየው መጋዝ ሲያነሳ እንደለመድነው ማጨብጨብ ያስቸግራል።

ሐሳቡ የክሬቨን ፈጠራ አይደለም። የስዊድኑ ኢንግማር በርግማን በ1960 «የድንግሏ ምንጭ» የሚባል ፊልም ሠርቶ ነበር፤ የውጭ ቋንቋ ፊልሞችን ኦስካርም አግኝቷል። ዘመኑ መካከለኛው ዘመን ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ ልጅ በመንገድ በእረኞች ትገደላለች። ገዳዮቹ ሳያውቁ አባቷ ቤት ያድራሉ፣ ልብሷን ለገዛ እናቷ ሊሸጡ ያቀርባሉ። አባትየው ቶሬ ይገድላቸዋል፤ በግድያው እጁ የሌለበትን ትንሽ ልጅ እንኳ አይምርም። ከዚያ ግን ወደ ሰማይ አንጋጦ አምላኩን ይሞግታል፣ በገዛ እጁ ቤተ ክርስቲያን ሊሠራ ይሳላል፣ አስከሬኗ ካረፈበት ቦታም ውኃ ይፈልቃል። በርግማን ለነፍሰ ገዳዩ አባት መግቢያ በር ትቶለታል።

የበርግማን ምንጭ ደግሞ አንድ ጥንታዊ የስዊድን ባላድ ነው። እሱ ከሁለቱም ፊልሞች ይልቅ ጨካኝ ነው። አባት ገዳዮቹን ይገድልና ማንነታቸው ሲገለጥ በልጅነታቸው ከቤት የወጡ የራሱ ወንዶች ልጆች ሆነው ይገኛሉ። በርግማን ይህንን ተወው፣ ክሬቨንም አልነካውም። ባላዱን ሲያዜሙ የኖሩት ገበሬዎች ግን ደም መመለስ የሚባለው ነገር ዞሮ የማን ቤት እንደሚገባ ሲኒማ ሳይኖር ያውቁት ነበር።

ክሬቨን እንግዲህ ይህንን ታሪክ ወስዶ ቤተ ክርስቲያኑንና ምንጩን አወጣና መጋዙን አስገባ። ለምን? ጊዜውን ማየት ነው። ራሱ በኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው የቬትናም ጦርነት ምስሎች አእምሮው ውስጥ ነበሩ።

ማርች 16 ቀን 1968 የአሜሪካ ወታደሮች ማይ ላይ የምትባል መንደር ገብተው ሴቶችን፣ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ፈጁ። የቬትናም ቁጥር 504 ሰው ነው። ጦሩ ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ደበቀው። በኖቬምበር 1969 ያወጣው ሲይሞር ሄርሽ የተባለ የማንም ተቀጣሪ ያልሆነ ጋዜጠኛ ነው (ለእኛ ለፍሪላንሰሮች እንዲህ ዓይነት ነገር ስንቅ ነው)። ከድርጊቱ በስተጀርባ ምን ነበር? ያ ሻምበል ጦር በቀደሙት ሳምንታት በተጠመዱ ፈንጂዎች ጓዶቹን ሲቀብር ከርሟል። ከጭፍጨፋው ሁለት ቀን በፊት ሌላ ሰው ሞቶበታል፣ በዋዜማው የመታሰቢያ ሥርዓት ተደርጓል። ከወታደሮቹ አንዳንዶቹ በማግስቱ የሚመጣውን ዘመቻ የበቀል ቀን አድርገው እንደተረዱት ለመርማሪዎች ተናግረዋል። የሰፈር ልጆች ናቸው፣ ከመጋዘንና ከእርሻ የመጡ።

በ1971 ማርች ሌተናንት ዊልያም ካሊ 22 ሰላማዊ ሰዎችን በመግደል ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ሕዝቡ ግን በብዛት ከካሊ ጎን ቆመ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በቀናት ውስጥ ከወህኒ አውጥተው የቁም እስረኛ አደረጉት፤ እሱን የሚያወድስ ዘፈን ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ክሬቨን ካሜራውን ያነሳው በዚያው ዓመት ነው። የሰላም ምልክቱ ሐብል ነፍሰ ገዳይ አንገት ላይ የተንጠለጠለው፣ ነፍስ ማዳን ሥራው የሆነ ሐኪም ሳሎኑ ውስጥ ወጥመድ የዘረጋው እንዲህ ባለ ዓመት ነው።

ፊልሙ ፍጹም ነው አልልም። ነዳጅ አልቆባቸው ዶሮ የጫነች መኪና ላይ የሚንጠላጠሉት ፖሊሶች ቀልድ ጨርሶ አይገጥምም፤ አንዳንዱ ትወናም ያሳፍራል። የኒውዮርክ ታይምሱ ገምጋሚ መሐል ላይ ጥሎ ወጣ። ሮጀር ኢበርት ደግሞ ከአራት ኮከብ ሦስት ተኩል ሰጠው። ፊልሙን የሚያሳዩ ሠራተኞች ሳይቀሩ የቀፈፋቸውን ቦታ በመቀስ እየቆረጡ ስለጣሉት ሙሉ ቅጂ ማግኘት ብርቅ ሆኖ ነበር። ብሪታንያ በ1974 ከለከለችው፣ በቪዲዮው ዘመን ደግሞ ለክስ ከተዘረዘሩት ካሴቶች አንዱ ሆነ፣ ያልተቆረጠው ቅጂ የተፈቀደው በ2008 ነው። ሜዳ ሲኒማዎቹ ግን ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሱበት።

በ1974 «ዴዝ ዊሽ» መጣ። ቻርልስ ብሮንሰን ሚስቱ የተገደለችበት አርክቴክት ሆኖ ሌሊት ሌሊት ወሮበላ እየፈለገ ይገድላል፤ ሲኒማ ቤቶች በጭብጨባ ተናወጡ። የመጽሐፉ ደራሲ ብራያን ጋርፊልድ ግን ፊልሙ በቀልን ጀግንነት አድርጎ ማቅረቡን አልወደደም፣ በ1975 መልስ የሚሆን ሌላ መጽሐፍ ጻፈ። ዘውጉ ሰፊ ገበያ ያገኘው በዚያ በጭብጨባው መንገድ ነው። ዛሬ በየስልካችን የእውነት ግድያ ቪዲዮ «የእጁን አገኘ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ሲዞር፣ ከሥሩም የልብ ምልክት ሲደረደር ሳይ ብሮንሰንን ሳይሆን ያንን የፈራረሰ ሳሎን አስባለሁ።

በ2009 «ዘ ላስት ሃውስ ኦን ዘ ሌፍት» በአዲስ መልክ ተሠራ። ክሬቨንና ከኒንግሃም በፕሮዲውሰርነት አሉበት። በጀቱ ከመጀመሪያው ብዙ እጥፍ ነው፣ ቀረጻውም ያምራል። በዚህኛው ማሪ አትሞትም። ወላጆቿ በጀልባ ይዘዋት ያመልጣሉ፣ ከዚያ አባትየው የገዳዮቹን አለቃ ሰውነቱ እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ ጭንቅላቱን ማይክሮዌቭ ውስጥ ያፈነዳዋል። የመጨረሻው ትዕይንት ይኸው ነው፤ ሳሎን የለም፣ ከዚያ በኋላ የምናየው የማንም ፊት የለም።