የድራይቨር ተስማሚነት

ድራይቨር ስርዓተ ክወናን ከፕሪንተር፣ ከስካነር ወይም ከድምፅ ካርድ ጋር የሚያገናኝ ሶፍትዌር ነው። ዊንዶውስ ከተሻሻለ በኋላ ስካነሩ አልሠራ ሲል ብዙዎች ዕቃው ተበላሸ ብለው ይጥሉታል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የጎደለው ተስማሚ ድራይቨር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ይህን በግልጽ አሳይቷል፦ የማሳያና የድምፅ ድራይቨሮችን አሠራር ለወጠ፤ ባለ 64 ቢት እትሙም ዲጂታል ፊርማ የሌለውን የከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ድራይቨር ከለከለ። ለባለ 32 ቢት የተጻፈ የከርነል ድራይቨርም በዚያ እትም ላይ አይጫንም። በዚህ የተነሳ ምንም ያልጎደላቸው መሣሪያዎች ከአገልግሎት ወጡ።

ጥብቅነቱ ለደኅንነት ነው የሚለው መከራከሪያ እውነት አለው፤ በከርነል ውስጥ የሚሠራ ብልሹ ድራይቨር መላውን ኮምፒውተር ያቆማል። አሮጌ ሞዴልን መደገፍ አይቻልም የሚለው ግን አያሳምንም። በሊኑክስ የአብዛኞቹ ድራይቨሮች ኮድ ክፍት ሆኖ ከከርነሉ ጋር ስለሚቀመጥ፣ አምራቹ ከተወው በኋላም ሌሎች ያድሱታል። የዊንዶውስ ተጠቃሚ በዲቫይስ ማኔጀር የሃርድዌር መለያውን አይቶ ይፈልግ፤ መለያው አምራቹንና ቺፑን ስለሚያሳይ በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ስም ይልቅ አስተማማኝ ነው። ፍለጋውን ከአምራቹ ገጽ ይጀምር፤ ምንጩ ካልታወቀ ቦታ የተገኘ ድራይቨር ፈጽሞ መጫን የለበትም።